አዲሱ አይሰብርም

አዲስ ነገር ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ መጠርጠር ነው። በዚህ ጠባዬ ብዙ ወዳጅ አላፈራሁም፤ እንጀራዬን ግን ስበላበት ኖሬያለሁ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ የመጽሔት አዘጋጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ አዲስ ብራውዘር ወጥቷልና ከነባሮቹ ጋር አወዳድረው ይጻፉልን ሲለኝ የመረጠኝ በዕውቀቴ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

«ሌሎቹ ጸሐፊዎቻችን ያዩትን ሁሉ ያደንቃሉ» አለኝ። «አንድ የሚያማርር ሰው ፈልገን ነው።»

ምስጋና ይሁን ስድብ ሳልለየው እሺ አልሁ።

ብራውዘር ማለት በስልክ ወይም በኮምፒውተር የኢንተርኔት ገጾችን የሚከፍትልን ፕሮግራም ነው። ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ የደከሙ ሰዎች አሉ፤ አንዱ «አሳሽ» ይለዋል፣ ሌላው «መቃኛ»። እኔ በምኖርባት በወረታ ግን ሁለቱንም ሲናገር የሰማሁት ሰው የለም። ሰው «ኢንተርኔት ክፈትልኝ» ይላል፣ ይከፈትለታል፣ አለቀ። አብዛኛው ተጠቃሚ ስለ ብራውዘሩ የሚያውቀው ስለ ጉበቱ የሚያውቀውን ያህል ነው፤ ካልታመመ ትዝ አይለውም።

እኔም ለማወዳደር ሦስት ያዝሁ። አንደኛው ከስልኩ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ስለመረጠው አይደለም፣ ስልኩን ሲገዛ እዚያው ተቀምጦ ስለጠበቀው ነው። አብሮ አደግ ብዬ ሰየምሁት። ሁለተኛው እኔ ለዓመታት የተገለገልሁበት ነው። በወረታ ከእኔ በቀር የሚጠቀምበት ሰው አላጋጠመኝም፤ የመረጥሁትም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ሦስተኛው አዲሱ ነው። አዲሱ ገጽ መክፈት ብቻ አይበቃውም። ገጹን አንብቦ፣ ፍሬ ነገሩን ለይቶ፣ በጎን በኩል በንጹሕ አማርኛ ይነግርሃል። ማስታወቂያው እንደሚለው ከእንግዲህ ማንበብ የለም። ማንበብ መተዳደሪያዬ ለሆነው ለእኔ ይህ እንዴት ያለ የምሥራች እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

አዘጋጁ መለኪያዎቹን ነግሮኝ ነበር፤ ፍጥነት፣ አጠቃቀም፣ ምሥጢር መጠበቅ፣ መልክ። ከፍጥነት ጀመርሁ። ጠዋት ስሞክር አብሮ አደግ ቀደመ። ከምሳ በኋላ የእኔው ቀደመ። በማግሥቱ አዲሱ ሁለቱንም ጥሏቸው ሄደ፤ በዚያው ቀን ዝናብ ሲጀምር ሦስቱም አብረው ቆሙ። የለካሁት ብራውዘሮቹን ይሁን የወረታን ኔትወርክ እስካሁን አላወቅሁም። ደግሞም ሳነብ ምን አገኘሁ? አዲሱና አብሮ አደግ በውስጣቸው ገጹን የሚከፍተው፣ ባለሙያዎች ሞተር የሚሉት ክፍል አንድ ነው። ከሽፋኑ በታች አንድ ናቸው። ታዲያ አንድ ሞተር በጠዋት አንደኛ፣ ከምሳ በኋላ ሦስተኛ የሚወጣው እንዴት ነው? የማወዳድረውስ ምንና ምንን ነው? ይህን ለአዘጋጁ ብነግረው «ሞተሩን ተዉት፣ አንባቢ ማወቅ የሚፈልገው የቱ እንደሚሻል ነው» አለኝ። እኔም ማወቅ የምፈልገው እሱኑ ነበር።

እንዲህ ግራ ተጋብቼ ሳለሁ ነው እኅቴ የገባችበት።

እኅቴ ታላቄ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሜዳው ላይ ያለውን ማሳዋን እያሳረሰች፣ ሩዟን ከልጇ ጋር እያረመችና እያጨደች ትኖራለች። ቤቷ ከከተማው ዳር ነው፤ ክረምት ላይ ሜዳውን የሚሞላው ውኃ እስከ አጥሯ ይመጣና አይቷት ይመለሳል። ሁለት ላሞች አሏት፤ ከሁለቱም በላይ የምትሳሳላት ደግሞ አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቱ በዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትናለች። የእንስሳት ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ላም በታመመ ቁጥር ሐኪም እስኪመጣ በር በሩን ማየት አንገሽግሿታል። እንግዲህ በዚያ መስከረም ቤቱ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አምጥታለች ወይስ አላመጣችም?

ስለ እኅቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። በእኛ አገር ሩዝ ከማሳ የሚመጣው ከነገለፈቱ ነው። ገለፈቱን የሚያነሱት ከመንገዱ ዳር የተደረደሩት መፈልፈያ ቤቶች ናቸው። ማሽኖቹ ደግሞ እኩል አይደሉም። አንዱ ሙሉ ፍሬ ያወጣል፣ ሌላው ይሰባብራል። ሙሉው ገበያ ላይ ይከበራል፤ ስባሪው ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል እንጂ ማንም ፊት አይሰጠው። ስለዚህ ነገር የሚያውቁ ሴቶች ጆንያቸውን ለአንድ ቤት ዝም ብለው አያስረክቡም። ከዚያው ጆንያ አንድ አንድ ጣሳ ቀድተው በሦስት ቤት ያስፈለፍላሉ። ከዚያ ሦስቱን በሰፌድ ላይ ጎን ለጎን አፍስሰው፣ በጣታቸው እየገፉ፣ ስባሪውን ከሙሉው እየለዩ ይፈርዳሉ። ባለ መፈልፈያዎቹ ይህን አይወዱትም። እኅቴ ጣሳ ይዛ ስትመጣ ካዩ «መርማሪዋ መጣች» ይላሉ።

ብራውዘር እያወዳደርሁ መሆኑን ስነግራት የገረማት ደመወዝ የሚከፈልበት መሆኑ ነበር።

«ለዚህ ሰው ይከፍልሃል? እኔ ስንት ዘመኔ፣ በነጻ!»

«የአንቺ ማሽን ነው እትዬ። የእኔ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

ላስረዳት ሞከርሁ። ብራውዘር መስኮት ነው አልኋት። ላም በረት ውስጥ ቆማ በዚህኛው መስኮት ብታዪያት፣ በዚያኛው ብታዪያት፣ ያችው ላም ናት። መስኮቱ ላሟን አያወፍራት፣ አያከሳት። ጥሩ ምሳሌ መስሎኝ ነበር።

«ሩዙስ ያው አንድ ሩዝ አይደለም?» አለች። «ከአንድ ጆንያ ነው የምቀዳው። አንዱ ቤት ሙሉ ፍሬ ይሰጠኛል፣ አንዱ ቤት ዱቄት አድርጎ ይሰጠኛል።»

«እሱ እኮ ማሽኑ ሩዙን ስለሚነካው ነው። ብራውዘር ግን ያለውን ማሳየት ነው እንጂ አይነካም።»

«ካልነካ አንተ ምኑን ነው የምታወዳድረው?»

ይህንኑ አዘጋጁን ልጠይቀው ነበር፣ ተውሁት።

ውጤቱ ተለቀቀ የተባለ ዕለት የተገናኘነው መፈልፈያ ቤቶቹ ደጅ ላይ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ከከተማው ሁሉ ኔትወርኩ የሚሻለው እዚያ አካባቢ ነው። ሁለተኛ፣ በዚያው ሰሞን አዲስ ማሽን የተከለ አንድ መፈልፈያ ቤት ተከፍቶ ነበርና እኅቴ ካምና ያስቀመጠችውን የመጨረሻ ጆንያ ይዛ ልትፈትነው ሄዳለች። ልጅቱ ጆንያው ላይ ተቀምጣለች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ስልኬን ይዣለሁ። ሞተሮቹ ሁሉ ስለሚጮኹ የሚነጋገር ሰው እንደሚጣላ ሰው ነው የሚጮኸው። አየሩ ላይ ነጭ ብናኝ አለ፤ ሁላችንም ሽማግሌ መስለናል።

«ወጥቷል አሉ!» ብላ ጮኸች እኅቴ። «ክፈተዋ!»

ልጅቱ የፈተና ቁጥሯን ነገረችኝና ወደ መንገዱ ዞረች። በመጀመሪያ በአብሮ አደግ ገባሁ። መሐሉ ላይ አንዲት ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። አገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ እዚያው ገጽ በር ላይ ተሰልፎ ስለነበር አይፈረድባትም።

እኅቴ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሳ አየች። «ማሽኑ ይዞራል፣ ፍሬ የለም» አለች። «ይኼን ተወው። ሁለተኛው ቤት ውሰደው።»

በእኔው ከፈትሁት። የእኔው አላመነታም፤ ገጹን ማግኘት አልቻልሁም ብሎ ቁርጡን ነገረኝ።

ወረፋ ይዛ የተቀመጠች አንዲት ጎረቤታችን ነበረች። በአንደበቷ ከተማው ሁሉ የሚፈራት ሴት ናት።

«አያ!» አለችኝ። «ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበው አንዲት ገጽ መክፈት አቃተዎት?»

«ገጹ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ያቃተኝ።»

«ሁሉም ባለ ማሽን እንዲያ ነው የሚል። ሩዙ ነው ይላል እንጂ ማሽኔ ነው የሚል አይቼ አላውቅም።»

ወረፋው ሳቀ። ሦስተኛውን፣ አዲሱን ከፈትሁ። ቁጥሩን አስገባሁ። ገጹ ገና ነጭ ሆኖ ሳለ በጎን በኩል ያ የሚያነብልህ ረዳት ተነሣ። ጥቂት አሰበ። ከዚያ በሚያምር አማርኛ እንዲህ ጻፈ፤ «እንኳን ደስ አላችሁ! ተማሪዋ ፈተናውን አልፋለች።»

እኔ፣ አዲስ ነገር ሲመጣ የምጠረጥረው ሰውዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት።

እኅቴ እልል አለች። የእሷን እልልታ የማያውቅ ሰው ሞተር ድምፅ አለው ይላል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ጎልማሳ፣ አንድ ሰው በማሽኑ ቀበቶ የተያዘ መስሎት ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ። ቀጥለው ያሉት ቤቶችም እሱን እያዩ አጠፉ። ድንገት ጸጥ አለ፤ በጸጥታው ውስጥ የእኅቴ እልልታ ብቻውን ቀረ።

«ምን ሆነ? ማን ነው የተያዘ?» አለ ባለ ማሽኑ።

«ማንም አልተያዘም! ልጄ አልፋለች!»

«ኧረ እንኳን ደስ ያለሽ! ምን አለ ታዲያ መጀመሪያ ብትናገሪ፣ ልቤ ወጥታ ነበር እኮ።»

ሴቶቹ ተነሥተው ልጅቱን ሳሟት። አንዱ ሽማግሌ መረቋት። ባለ ማሽኑ «በሉ ዛሬ የእሷ ተራ ይቅደም» አለ፤ ያ ሁሉ ሰው የሚያጉረመርምበት ወረፋ ያለ አንዲት ቃል ተከፈተ። ያቺ ክፉ ተናጋሪ ጎረቤታችን እንኳ «ለሐኪማችን ነው፣ ይቅደም» ብላ ጆንያውን በአንድ ወገን ይዛ አነሣች።

ልጅቱ ብቻ ፊቷ አልተለወጠም። መሳሙ ሲያበቃ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ነጥቡ ስንት ነው ይላል?»

ስልኩን ደግሜ አየሁ። «ነጥቡን አይልም።»

«ማለፌን ያወቀ ነጥቤን እንዴት አላወቀም?»

ደግ ጥያቄ ነው። እኔም ይህኑ ለአዲሱ ጻፍሁለት። አሰበ። «ይቅርታ፣ በገጹ ላይ ነጥብ አላገኘሁም» አለኝ። ታዲያ ማለፏን በምን አወቅህ? አልሁት። «ትክክል ነዎት፤ ማለፏን ማረጋገጥ አልችልም» አለ። ገጹን ዘግቼ እንደገና ከፈትሁና እንደ አዲስ ጠየቅሁት። «እንኳን ደስ አላችሁ!» አለኝ፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት የተነጋገርነውን አንዳች ሳያስታውስ። ብዙ ሐያሲ አንብቤያለሁ፤ በአንድ መጽሐፍ ላይ ሁለት አሳብ የያዘ አይቻለሁ። በዚህ ፍጥነት ሲገለባበጥ ግን ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው።

በዚህ መሐል የእኔው፣ ያ ገጹን አላገኘሁም ብሎ የነበረው፣ ደግሜ ስሞክረው ተከፈተ። ምንም ጌጥ የለው፣ በጎን የሚያነብ ረዳት የለው። ዓይኔ የገባው ሠንጠረዡ ብቻ ነው። የልጅቱ ስም ከነአባቷ ከነአያቷ፣ ከሥሩ የትምህርቶቹ ዝርዝር፣ ከጎናቸው ነጥቦቹ፣ ከታች ድምሩ። ድምሩ ከማለፊያው ጥቂት ጎድሏል።

ምን ላድርግ? ከፊቴ እኅቴ ሞተሮቹ ሳይጠፉ ከሦስቱ ቤት ያስፈለፈለችውን ጣሳ ጣሳ ሩዝ ሰፌድ ላይ አፍስሳ፣ ከሴቶቹ ጋር ታወዳድራለች። እየሳቀች ነው። እጄ ላይ አንዱ አልፋለች ይላል፣ አንዱ አላለፈችም ይላል። መስኮት ነው፣ ላሟ ያችው ናት ብዬ አስተምሬ ነበር። አሁን በአንዱ መስኮት ላም አለች፣ በአንዱ መስኮት ላም የለችም። የምጠብቀው አብሮ አደግን ነበር፤ ሲከፈት ዳኛ ይሆነናል ብዬ። ክቧ ዞራ ዞራ ቆመች። ያው ሠንጠረዥ፣ ያው ድምር።

ሁለት ለአንድ ሆነ። ሆኖም አዲሱና አብሮ አደግ ሞተራቸው አንድ ነው ብዬ ነበር። እንግዲህ አንድ ሞተር በአንድ ስልክ ላይ፣ በአንድ ቁጥር፣ በአንድ ልጅ ላይ ሁለት ነገር ተናገረ ማለት ነው። ይህን በምን አርእስት ሥር እንደምጽፈው አላውቅም፤ በፍጥነት? በመልክ?

እኅቴን ጠርቼ ነገርኋት። ቀስ ብዬ፣ «ምናልባት»ና «ይመስላል» እየጨመርሁ። አልተቆጣችም። ሰፌዱን አሳየችኝ።

«እየው እስቲ። ይኼኛው የአሮጌው ቤት ነው፣ ሰባብሮታል። ይኼም ያው ነው። ይኼ የአዲሱ ነው፤ ፍሬው አንድ አልተነካ። አዲሱ አይሰብርም።»

«እትዬ፣ ይኼ ሩዝ ነው…»

«ያቺንም ልጅ ሁለቱ አሮጌዎች ሰባበሯት፣ አዲሱ ሙሉዋን አወጣት። አንተስ ምኑ ነው ያልገባህ?»

ከእሷ አሳብ ውስጥ የትኛው ላይ ስሕተት እንዳለ ሳውቀው፣ አፌ ላይ ሲደርስ ይጠፋኛል። ማሽኑ ውጤቱን አይነካም እንዳልላት፣ ነክቶታል። ሦስቱም እኩል ናቸው እንዳልላት፣ አይደሉም። አዲሱ አይታመንም እንዳልላት ደግሞ፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት ጮኼ ያነበብሁት እኔ ነኝ።

«ይስጡኝ ጋሼ» አለች ልጅቱ። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና የእኔውን ሠንጠረዥ ከፈተች። ድምሩን አላየችም። ከላይ ጀምራ በጣቷ እየወረደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ እያንዳንዱን አነበበች።

«ፊዚክስ… አዎ። መጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች ሳልደርስባቸው ነው ጊዜው ያለቀ።» ወረደች። «ሒሳብ፣ እሺ፣ እኔም የጠረጠርሁት ይኼንኑ ነው። እንግሊዝኛ…» ጥቂት ቆመች። «ባዮሎጂዬ ደኅና ነው። ባዮሎጂ ቀንቶኝ ነበር።»

ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«እማ፣ ይኼ የእኔ ነው።»

«አዲሱስ?»

«አዲሱ ስለ እኔ አይደለም የሚያወራው። ፊዚክሴን አያውቀውም።»

ያን ጊዜ ነው ስልኩን ተቀብዬ ወደ ገጹ አናት ወጥቼ በትልቅ ፊደል የተጻፈውን ያየሁት፤ ፈተናውን ላለፋችሁ ተማሪዎች ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ የሚል ለአገሩ በሙሉ የተጻፈ ሰላምታ። አዲሱ ሠንጠረዡ እስኪመጣ አልጠበቀም። ሰላምታውን አይቶ ለእኛ አደረሰ። ቢያንስ እኔ የደረስሁበት ይህን ነው፤ አዲሱን ብጠይቀው ግን ትክክል ነዎት ብሎ፣ ቆይቶ አይደሉም እንደሚለኝ ስለማውቅ አልጠየቅሁትም።

ለእናቷ አስረዳሁ። እኅቴ ሰፌዱን እንደያዘች ቆመች። ሞተሩ እንደጠፋ ነበር፤ ባለ ማሽኑ እጁን ማብሪያው ላይ አድርጎ ያበራው ወይስ ይጠብቅ እንደሆነ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል። እኔም ግራ ገብቶኝ እሱን አየዋለሁ። የመረቁት ሽማግሌ ወደ ከዘራቸው ጫፍ አጎነበሱ። ከሁሉ ቀድማ የተናገረችው ያቺ ክፉ ተናጋሪ ናት።

«እንግዲህ እልልታ አይመለስ» አለች። «ለከርሞ ይቀመጥላት።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ልጅቱም ሳቀች፤ ከሳቁ ቀጥሎ ግን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደችው። ብናኙ ነው አለች። ብናኝማ ነበረ።

«ታዲያ አበቃ?» አለችኝ እኅቴ። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

«አላበቃም። ጥቂት የጎደላቸው የማካካሻ ትምህርት የሚገቡበት መንገድ አለ። ከተፈቀደላት ይዘው ያስተምሯታል፣ እንደገና ትፈተናለች፣ ካለፈች ትቀጥላለች።»

እኅቴ ይህን ሰምታ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጣ።

«ሁለተኛ ይገባላ!» አለች። ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ሁለተኛ ይገባል ነው እኮ የሚለኝ! ይኼ ሰው መናገር አይችልበት። የመጀመሪያው ዙር ገለፈት ማንሣት ነው፤ ማነው በአንድ ዙር ነጭ ያወጣ? እናንተስ?»

«እኛማ አላወጣን» አሉ ሴቶቹ።

ፈልፍለው ያወጡትን እንደገና ማስገባት፣ እንዲነጣ፣ እዚህ የተለመደ ነው። ሁለተኛ ሲገባ ደግሞ የሚሰበረው እንደሚበዛ ማንም ያውቃል። ይህን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ስሕተት ሳይ ዝም ማለት አልችልም። ልጅቱ ቀደመችኝ።

«ሁለተኛ ሲገባ ስባሪው ይበዛል እኮ፣ እማ።»

«የማን ሩዝ?» አለች እኅቴ። «የእኔ ሩዝ? በደንብ የደረቀ አይሰበርም። አንቺ ደርቀሻል።» ከዚያ ወደ ባለ ማሽኑ፣ «አንተ ምን ትቆማለህ? አብራው እንጂ! የእኔ ተራ ነው፣ ሰጥታችሁኛል።»

ባለ ማሽኑ አበራው። የተሰጣትን ተራ ማንም አልተከራከራትም። ሞተሩ ሲነሣ ሁላችንም ወደ መጮኹ ተመለስን።

ማታ ቤት ስንደርስ እኅቴ የራሷን ስልክ አምጥታ አዲሱን ጫንልኝ አለችኝ።

«ዋሽቶሻል እኮ!»

«አልዋሸም» አለች። «ቸኮለ።»

ጫንሁላት። ለምን እንደጫንሁላት አላውቅም።

የአዘጋጁን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውሁት። በመጨረሻ የላክሁለት አሸናፊ የሌለው ነበር። «ጋሼ፣ የቱ ነው የሚሻለው?» ብሎ ደወለ። ለምኑ? አልሁት። «ለአንባቢ።» አንባቢው ፊዚክስ ላይ ስንት እንዳገኘ ራሱ ያውቃል ወይ? አልሁት። አልገባውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አጥርቼ አላየሁትም። ጽሑፉን አሳጥሮ፣ ግርጌው ላይ ለአዲሱ የላቀ ነጥብ ሰጥቶ አወጣው። መልኩ ያምራል ብሎ ነው። ማማሩን አልክድም።

ልጅቱ የማካካሻው ዕድል ደርሷት የሄደችው ሩዙ ከመታጨዱ በፊት ነው። እናቷ የእሷን የአጨዳ ቦታ በቅጥር ሰው ልትሞላ ተስማማች። ከመናኸሪያው ስንሸኛት እኅቴ ከሾፌሩ ጋር ስለ መቀመጫ እየተጨቃጨቀች ሳለ፣ ልጅቱ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ እዚያ ስደርስ በየቱ ልጠቀም?»

ያ ሁሉ ንባብ፣ ያ ሁሉ ልኬት፣ አገር ያነበበው አንድ ሙሉ ጽሑፍ ከኋላዬ አለ። አሰብሁ። ሞተሩን አሰብሁ፣ ክቧን አሰብሁ፣ የሚያምረውን አማርኛ አሰብሁ።

«እኔ እንጃ» አልኋት። «ቁም ነገር ሲሆን ግን በሁለት በሦስቱ ከፍተሽ እይው።»

«እንደ እማ? ጣሳ ይዤ?» ብላ ሳቀችና ወደ መኪናው ገባች።

እኅቴ ሾፌሩን ረትታ መስኮቱ ዳር አስቀምጣታለች።